«ሕዋሳቱ ይራባሉ»፦ በኩላሊት ራስጌ ዕጢ የሕዋስ መባዛትን ስለሚያመለክቱ ፕሮቲኖች የአማርኛ ስያሜ

ይህን ሒስ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ ባለፈው ዓመት ላንቻ ከሚገኝ ከአንድ ጎረቤቴ ቤት ያየኋት ወረቀት ናት። የቤቱ አባወራ ከግራ ኩላሊታቸው በላይ የተገኘ እባጭ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ነበር። ከወጣው አካል የተወሰደው ናሙና በአጉሊ መነጽር ተመርምሮ ውጤቱ እንደ ወትሮው በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ። የአገራችን የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ ሐኪም ለሐኪም የሚጻጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ በሽተኛው ግን የሚታመመው በአማርኛ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የወንድማቸው ልጅ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ወረቀቱን ወደ አማርኛ መለሰው። ከመለሳቸው ዓረፍተ ነገሮች ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው፦ «በአድሬናል ዕጢ ላይ ዕጢ ተገኝቷል። የመራባት ምልክት የሆነው ፕሮቲን 12 ከመቶ ነው። ሕዋሳቱ በፍጥነት ይራባሉ።»

ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ አነበበው። በዕጢ ላይ ዕጢ ከተገኘ ዕጢው ሁለት ነበረ ማለት ነው፤ ታዲያ አንዱ ብቻ ከወጣ ሌላው የት ቀረ ተባለ። ስለ ፕሮቲኑ አንድ የቅርብ ዘመድ አሳብ ሰጡ፤ ፕሮቲን በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ እንደምናየው ገንቢ ምግብ ነውና ሥጋና ዕንቁላል ይቅር አሉ። 12 ከመቶ የሚለውን ደግሞ ልጆች ከትምህርት ቤት እንደሚያመጡት ነጥብ ቈጥረው፣ ከመቶ ዐሥራ ሁለት ምን አላት ብለው ተጽናኑ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የባለቤትየው ሚስት ያነበቧት ‹ባ›ን አላልተው ነው። የተራበ ሰውነት ይቀለባል። ስለዚህ ገንፎውም አጥሚቱም ተሠራ። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ «መጀመሪያ ሰውነቱ ይጠንክር» ተብሎ ተላለፈ፤ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሰባት ሳምንት ሄደ። በስምንተኛው ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የቃላት ሰው ነዎት፤ የተራበውንስ አብልተን አጥግበነዋል፣ አሁን ምን ቀረን?» አሉኝ።

አንባቢ ይህን ለጨዋታ ያመጣሁት እንዳይመስለው፣ በዚያች ወረቀት ላይ የነበረው ቍጥር ምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። በዚህ ዕጢ ቅርፊት ላይ የሚነሣ ነቀርሳ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ተመልሶ የመምጣት ጠባይ አለው። ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል ለመገመት ሐኪሞች ከሚመለከቷቸው ነገሮች አንዱ ኪ-67 የሚባለው ፕሮቲን ከመቶ ሕዋሳት በስንቱ አስኳል ውስጥ እንደ ታየ ነው። የአውሮፓ የኢንዶክሪኖሎጂ ማኅበር በዚህ ዕጢ እባጮች ላይ ከሚሠራው የአውሮፓ የጥናት መረብ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ፣ ቍጥሩ ከ10 ከመቶ ሲበልጥ በሽታው የመመለስ ሥጋቱ ከፍተኛ ነውና ሚቶቴን የተባለው መድኃኒት ይሰጥ ይላል፤ መድኃኒቱም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳይዘገይ፣ በሳምንታት ውስጥ እንዲጀመር ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሞ የወጣ ጥናት ደግሞ እባጩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸው ቍጥሩ 10 ከመቶና ከዚያ በታች በሆነላቸው ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ጉልህ ጥቅም እንዳላሳየ ገለጸ። እንግዲህ በ10 ግራና ቀኝ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ ማለት ነው። «ከመቶ ዐሥራ ሁለት ምን አላት» የተባለችው ቍጥር በየትኛው ወገን እንደምትቆም አንባቢ ያያል። ሰባቱ ሳምንት ያለፉት አንድም ሰው ሳይሰንፍ፣ ሁሉም የተጻፈውን አምኖ እየሠራ ነው።

ተርጓሚውን ወጣት መውቀስ አይገባም። የተጠቀመባቸው ቃላት አንድ በአንድ ቢመረመሩ ሁሉም ደጋፊ አላቸው፤ ከትምህርት መጻሕፍት፣ ከጋዜጣና ከሬዲዮ የተለቀሙ ናቸው። ጥፋቱ ያለው ቃላቱን ለየብቻ አቁሞ በሚመዝነው ልማዳችን ላይ ነው። የሙያ ቃላት ዝርዝር ስናዘጋጅ የባዕዱን ቃል በግራ፣ የአማርኛውን በቀኝ አሰልፈን አንዱ ላንዱ መድረሱን ካየን ሥራው ያለቀ ይመስለናል። በፊደል ተራ የቆሙ ቃላት አይጋጩም። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብተው፣ አንድ የታመመ ሰው ፊት ሲነበቡ ግን ይጋጫሉ። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ መሆኑን የማይመሰክር የለም፤ ይሁን እንጂ ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በእነዚህ ዓመታት የሕዋስ ሳይንስ ወደ ሐኪም ማስታወሻ ደብተር ገብቷል። ስለዚህ አዲሱን ክፍል ስንጨምር የቀድሞውን መንገድ ብቻ መከተል አይበቃንም።

አሁን ወደ ቃላቱ ልግባ። በመጀመሪያ ‹ተራባ› የሚለውን ግሥ እንመልከት። ‹ረባ› ከሚለው የሚወጣ ነው፤ ርቢ፣ አርቢ፣ እርባታ የሚባሉት ቤተ ሰቦቹ ናቸው፤ የሰዋስው መምህራንም የግሥን እርባታ የሚሉት ከዚሁ ነው። በአንጻሩ ‹ተራበ› የረኃብ ግሥ ነው። በአርእስቱ መራባትና መራብ፣ በቦዝ አንቀጹም ተራብቶና ተርቦ ስለሚሉ አይገናኙም። ነገር ግን ‹ተራቡ› ተብሎ በብዙ ቍጥር ሲነገር፣ እንዲሁም ‹ይራባል› ‹ይራባሉ› ተብሎ በትንቢት ሲመጣ የሁለቱ ጽሕፈት አንድ ነው። የሚለያቸው የ‹ባ› ወይም የ‹ቡ› መጥበቅና መላላት ብቻ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ይህን አይጽፍም። በአፍ ቢነገር ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። አንዳንድ መዝገበ ቃላት በፊደሉ ራስ ላይ የማጥበቂያ ነጥብ ያኖራሉ፤ የሐኪም ወረቀት ግን ነጥብ አያውቅም። ቃል ሲሰየም አርእስቱን ብቻ አይቶ «መራባት» ብሎ መዝጋት እዚህ ላይ ምን እንዳስከተለ አይተናል። ስያሜ በአርእስቱ ብቻ ሳይሆን በእርባታው ሁሉ መፈተን አለበት።

በእንግሊዝኛውና በፈረንሳይኛው ለዚህ አሳብ የቆመው ቃል ‹ፕሮሊፈሬሽን› ነው። ከላቲኑ ‹ፕሮለስ› የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ልጅ፣ ዘር ማለት ነው። ከዚሁ ቃል ሌላም ወጥቷል፤ ‹ፕሮሌታሪያ›፣ ማለትም በጥንቱ የሮማ ሕግ ለመንግሥት ከልጆቹ በቀር የሚያበረክተው ሀብት የሌለው ድኻ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህን ቃል አማርኛ ለማልበስ ምን ያህል ቀለም እንደ ፈሰሰ በዚያ ዘመን የነበሩ ያስታውሳሉ፤ ላብ አደር፣ ወዝ አደር፣ ሠርቶ አደር ተባለ። ከእነዚያ ስያሜዎች አንዱም የላቲኑን ‹ልጅ› አላስገባም፤ የሰውየውን ኑሮ ተመልክቶ ሰየመ፤ ስለዚህም ሰው ያዘው። ለአንዱ የ‹ፕሮለስ› ልጅ እንዲህ ያለ ነጻነት ወስደን፣ ለሌላው ግን ‹መራባት› ብለን የመዝገበ ቃላቱን ጥላ መከተላችን ይገርመኛል። (‹ሕዋስ› ራሱ በዚያው ዘመን የፓርቲ ሕዋስ ሆኖ ሠርቷል፤ ከዚያም በፊት፣ ዛሬም ቢሆን፣ አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ያመለክታል። ሦስት ቤት ያለው ቃል ነው፤ ቢሆንም ቤቶቹ የተራራቁ ስለ ሆኑ አላስቸገረንም።)

በኔ አስተያየት ‹መባዛት› ይሻላል። ይህም ነቀፌታ የለበትም አልልም፤ የሒሳብ ተማሪ ማባዛትና ማካፈል ተቃራኒ መሆናቸውን ተምሮ መጥቶ፣ ሕዋስ ሲከፈል ይባዛል ቢባል ግር ይለዋል። ግርታው ግን ትምህርት ያለበት ግርታ ነው፤ ነገሩ በእርግጥ እንደዚያ ነውና። ‹ክፍፍል› አንዱ ሕዋስ ሁለት ለሚሆንበት ለዚያ ቅጽበት፣ ‹መባዛት› ለጠቅላላው መብዛት፣ ‹ዕድገት› ደግሞ ለመጠን ብቻ ቢቀር ሦስቱ ሥራቸውን ተካፍለው ይኖራሉ። ክፍፍልና መባዛት አለመለየታቸውም ሌላ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የዋይስ መለኪያ መሠረት የዚህን ዕጢ ቅርፊት እባጭ የሚመረምር ሰው ዘጠኝ ነገሮችን ይፈልጋል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከተገኙ እባጩ ነቀርሳ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከዘጠኙ አንዱ በአጉሊ መነጽር 50 መስኮች ውስጥ ከ5 በላይ በክፍፍል ላይ ያሉ ሕዋሳት መታየታቸው ነው። ይህ ከኪ-67 ቍጥር የተለየ ቈጠራ ነው። ሁለቱን «የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ብዛት» ብሎ የመለሰ ወረቀት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ከሆነ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት የማይስማሙ ቍጥሮች ለአንድ ነገር ተሰጡ ማለት ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው ‹ዕጢ› ነው። የምራቅ ዕጢ፣ የላብ ዕጢ፣ የእንባ ዕጢ እንላለን፤ እነዚህ ፈጣሪ የሰጠን ጤነኛ አካላት ናቸው። ወዲያው ደግሞ «ዕጢ ወጣበት» «ዕጢ አስወጣች» እንላለን፤ ይህ በሽታ ነው። ስለዚህ የ‹ዕጢ ዕጢ› የሚል አነጋገር ይመጣል። ችግሩ ከየት እንደ መጣ ሳስበው አንድ ነገር ይታየኛል። ነባሩ አማርኛ ለታመመው ዕጢ ስም ነበረው፤ ለጤነኛው ግን አልነበረውም። በአንገት ላይ የሚያብጠውን እንቅርት፣ በጆሮ ግንድ ሥር የሚያብጠውን ጆሮ ደግፍ፣ በብብትና በጉያ የሚወጣውን ንፍፊት ብሎ ለያይቶ ያውቃል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብሎ የተረተ ሕዝብ በአንድ አንገት ላይ ሁለት የተለያዩ እብጠቶች እንደሚነሡ የለየ ሕዝብ ነው። ሳያብጥ በፊት ግን ዕጢ ማን ያየዋል? የማይታይ ነገር ስም የለውም። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ጤነኛውን ለመሰየም ከበሽታው ስም ተበደርን፤ ብድሩንም እስከ ዛሬ አልመለስንም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ዕዳ አለብን። የሳንባ ነቀርሳ ስንል የምናስበው በባክቴሪያ የሚመጣውንና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውን የሳል በሽታ ነው። ነቀርሳ ብቻውን ሲቆም ግን ካንሰር ነው። እንግዲህ ሳንባውን ካንሰር ለያዘው ሰው ‹የሳንባ ነቀርሳ› ማለት አይቻልም፤ ‹የሳንባ ካንሰር› ለማለት ተገደናል። በሌላ አካል ሁሉ ነቀርሳና ካንሰር አንድ ሲሆኑ በሳንባ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ይህን ማንም አውቆ ያደረገው አይደለም፤ ግን ማንም አላረመውም።

ለ‹ዕጢ› መፍትሔ ይሆናል የምለው፣ ጤነኛውን አካል ‹ዕጢ› ብሎ ለትምህርት ቤቱ ትቶ፣ በሽታውን ‹እባጭ› ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ አንባቢ እስካሁን የተሰናከለ አይመስለኝም። ለእባጭ ‹ቱሞር› የሚሉት ላቲናውያንም ቃሉን ያወጡት ‹አበጠ› ከሚለው ግሣቸው ነው። እባጭ በተለምዶ መግል ቋጥሮ የሚፈርጠው ነው የሚል ነቀፌታ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ነቀፌታው እውነት አለው። ‹ቡቃያ› ይባል ያሉኝም ነበሩ፤ ባለ ማሳ ሰው ቡቃያ ሲሰማ ደስ ይለዋልና አልተቀበልኩትም።

የራሱ የዕጢው ስምም ሌላ ጣጣ አለው። በተለምዶ ‹አድሬናል› ይባላል፤ ሲተረጐም ደግሞ ‹የኩላሊት ዕጢ› የሚሉ አሉ። ይህ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ዕጢ ሁለት ትርጉም እስካለው ድረስ ‹የኩላሊት ዕጢ› የተባለው ሰው ኩላሊቱ ላይ ካንሰር ያለበት ይመስለዋል። ዕጢውን እ.ኤ.አ. በ1563 ጽፎ ያስታወቀው ባርቶሎሜዎ ኤውስታኪዮ በኩላሊት ላይ የተቀመጡ ዕጢዎች ብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ የወጡት ስሞችም ሁሉ የሚናገሩት ቦታውን ነው። አንዱ ከላቲን ‹በኩላሊት አጠገብ›፣ ሌላው ከላቲን ‹ከኩላሊት በላይ›፣ ሦስተኛው ከግሪክ ‹በኩላሊት ላይ› ይላል። ከእነዚህ ሁለቱ ጠብ ፈጥረዋል፤ ከዕጢው መቅኔ የሚመነጨው ቅመም እ.ኤ.አ. በ1901 በታካሚኔ ተጣርቶ ‹አድሬናሊን› ሲባል፣ በአሜሪካ ግን ከግሪኩ የወጣው ‹ኤፒኔፍሪን› ጸንቶ ቀረ፤ ዛሬም አንዱ መድኃኒት በሁለት ስም ይሸጣል። ሁለቱም ቃላት አንድ አሳብ እንደሚናገሩ የማያውቅ ሰው ሁለት መድኃኒት ይመስለዋል። እኛ ሦስተኛ ጠብ እንዳንጨምር ቅመሙን በታወቀው ስሙ አድሬናሊን እንበለው፤ አካሉን ግን እንሰይመው።

‹ላዕለ ኩላሊት› የሚል የግእዝ ጥምር ሐሳብ ሲቀርብ ሰምቻለሁ። ትክክል ነው፤ ግን ‹ላዕለ› ለሊቃውንት እንጂ ለጎረቤቴ አይነግራትም። እኔ ‹የኩላሊት ራስጌ ዕጢ› እላለሁ። ራስጌና ግርጌ አልጋ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ዕጢውም በእርግጥ በኩላሊቱ ራስ ላይ እንደ ትራስ ያለ ነው። ‹የኩላሊት ራስጌ› ያልኳት ጊዜ ባለቤቲቱ እጃቸውን ወዲያው ወደ ጎናቸው፣ ከወገባቸው ከፍ አድርገው ሰደዱት፤ ከዚህ የበለጠ ፈተና አላውቅም።

የውስጡን ክፍሎች ስናይ ደግሞ አማርኛ ያለ ብድር ራሱን እንደሚችል ደስ የሚያሰኝ ማስረጃ እናገኛለን። ዕጢው ውጭው ‹ኮርቴክስ› ውስጡ ‹መዱላ› ይባላል፤ በላቲን የዛፍ ልጥና መቅኔ ማለት ናቸው። ቅርፊትና መቅኔ ብንል አንድ ነገር አይጐድልም። ቅርፊቱ በሦስት ድርብርብ ይከፈላል፤ አርኖልድ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1866 የሰየማቸው ናቸው። የውጭኛው ስም ከክር ልቃቂት፣ የመካከለኛው ከነዶ፣ የውስጠኛው ከመረብ የወጣ ነው። ጥጥ ፈትለን የምናጠነጥን፣ ጤፍ አጭደን የምናስር ሕዝብ ለነዚህ ሦስት ቃላት ‹ግሎመሩሎዛ› ‹ፋሲኩላታ› ‹ሬቲኩላሪስ› እያልን መቸገራችን ለምንድን ነው? ልቃቂቱ የሰውነት ጨውን የሚጠብቀውን አልዶስተሮን፣ ነዶው ኮርቲሶልን፣ መረቡ ደግሞ አንድሮጅኖችን ያመነጫል። በአይጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት አዲስ ሕዋሳት የሚወለዱት ከውጭ ሽፋኑ ሥር ነው፤ ከዚያ ከልቃቂቱ ወደ ነዶው እየገፉ ወደ ውስጥ ይጓዛሉ፤ በመቅኔው ዳር ደርሰው ይሞታሉ። ጤነኛ ዕጢ ውስጥም እንግዲህ መባዛት አለ፤ ዝግተኛና በቦታው የተወሰነ ነው እንጂ። አመልካች ፕሮቲን ‹የበሽታ ምልክት› ሊባል የማይገባው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ‹ምልክት› በሐኪም ቤት አስቀድሞ ሥራ የያዘ ቃል መሆኑ ነው። «ምን ምልክት አለዎት?» ሲባል ትኩሳት፣ ራስ ምታት ይባላል። ‹የመራባት ምልክት የሆነው ፕሮቲን› የተባለ ሰው የሚሰማው ስሜት ይፈልጋል። ‹ጠቋሚ› እንዳይባል በአንድ ዘመን ሰው ያሳስር የነበረው ነው፤ ትዝታው ገና አልጠፋም። ‹መለያ› የእግር ኳስ ተጫዋቾች ልብስ ሆኗል። የቀረው ‹አመልካች› ነው፤ እርሱም በየጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ይዞ ለሚቆም ሰው ስም ነው። ንጹሕ ቃል የለም ማለት ነው። ንጹሕ ቃል መፈለጉም ከንቱ ድካም ይመስለኛል። የቃል ሁለት ትርጉም የሚጎዳው ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነው። ዕጢና ዕጢ በአንድ ወረቀት ይገናኛሉ፤ ምልክትና ምልክት ይገናኛሉ፤ ተራበና ተራባ ይገናኛሉ፤ ከታመመ ሰው ፊት ስለ ምግብ አለማሰብ አይቻልምና። ባለ ማመልከቻና ፕሮቲን ግን በአንድ ወረቀት አይገናኙም። ስለዚህ ‹አመልካች› ይለፍ እላለሁ።

ስለ ‹ፀረ እንግዳ አካል› ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ በአጭሩ ልለፈው። ለ‹አንቲቦዲ› የወጣ ስም ነው፤ ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ ሁሉ በሬዲዮ ሰምተነዋል፤ ለተላላፊ በሽታ መልካም ያገለግላል። አመልካች ፕሮቲኖቹን በአጉሊ መነጽር የምናያቸው ቀለም በያዙ ፀረ እንግዳ አካላት አማካይነት ነው። ነገር ግን ከአመልካቾቹ አንዱ፣ ፒሲኤንኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የተገኘው ሉፐስ በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ፣ የራሳቸውን ሕዋሳት አስኳል በሚያጠቃ ፀረ አካል ነው። እንግዳ የለም፤ ጠቡ በባለቤቱና በገዛ ቤቱ መካከል ነው። ‹ፀረ እንግዳ› ያልነው እዚህ ‹ፀረ ባለቤት› ሆኗል። ‹እንግዳ› የምትለዋን ቃል አንሥቶ ‹ፀረ አካል› ብሎ መቅረቱ ሳይሻል አይቀርም።

ፒሲኤንኤን ካነሣን፣ የስም መጋጨት የእኛ ብቻ በሽታ አለመሆኑን ያሳየናል። ያው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1981 በሌሎች ተመራማሪዎች ተገኝቶ ‹ሳይክሊን› ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ፈጽሞ ለተለየ የፕሮቲን ወገን ያው ‹ሳይክሊን› የሚለው ስም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 የመጀመሪያው ሳይክሊንና ፒሲኤንኤ አንድ መሆናቸው ሲታወቅ ስሙ ለኋለኞቹ ተለቀቀ። ሥራቸው ካልተጣራ ነገር ላይ የሥራ ስም መለጠፍ የሚያመጣው ይህን ነው። ፒሲኤንኤ ዲኤንኤ በሚቀዳበት ጊዜ በገመዱ ላይ እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ የሚንሸራተት ነው፤ ዲኤንኤ ሲጠገንም ይታያል፤ በሕዋስ ውስጥም ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ በእርሱ የቈጠረ ሰው አብዝቶ ይቈጥራል። ኤምሲኤም የሚባሉትም ሕዋሱ ለመቅዳት ፈቃድ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ስለሚታዩ ቍጥራቸው ከፍ ይላል። ፎስፎ ሂስቶን ኤች3 በተቃራኒው በክፍፍሉ ጊዜ ብቻ ይታያልና ቍጥሩ ያንሳል። ኪ-67 በመካከል ነው፤ ሕዋሱ ዐርፎ ከተቀመጠ አይገኝም፤ በዑደቱ ላይ ከሆነ ግን በየትኛውም ደረጃ ይገኛል። እንግዲህ ‹ኪ-67 የታየበት ሕዋስ› ማለት ‹በዑደት ላይ ያለ ሕዋስ› ማለት ነው፤ ‹በመከፈል ላይ ያለ› ማለት አይደለም።

ስሙን እንተርጉመው ወይስ እንተወው? እዚህ ላይ ሰፈሬ ይረዳኛል። ላንቻ ስሙን ያገኘው ከጣልያኑ የመኪና ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ1906 በቱሪን ካቋቋመው ከቪንቼንዞ ላንቻ። ቃሉ በጣልያንኛ ጦር ማለት ነው፤ ከጠመንጃ ያዥ አጠገብ ጦር መቆሙን የላንቻ ሰው ሳያውቀው ይኖራል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቀላል ባቡሩ ላይም ሁለቱ ተከታታይ ጣቢያዎች ሆነዋል። ወዲያ ማዶ ያለው ካዛንቺስ ደግሞ የጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ድርጅት ስም በአሕጽሮት ተነቦ የመጣ ነው፤ አምስቱ ፊደላት ተዋሕደው አንድ የአማርኛ ቃል ወጥቷቸዋል። የሰፈሩ ብዙ ቤቶች በ2017 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ ስሙ ግን ቆሟል። ማንም ላንቻን ‹ጦር ሰፈር› እንበለው ያለ የለም፤ ቢባል ኖሮ ደግሞ ሌላ ነገር በሆነ ነበር። የሰፈር ስም አድራሻ ነው፤ ትርጉሙን ሳናውቅ እናደርስበታለን።

ኪ-67ም እንዲሁ አድራሻ ነው። ‹ኪ› የጀርመኗ የኪል ከተማ ናት፤ 67 ፀረ አካሉን የሰጡት ሕዋሳት ያደጉበት የሳሕኑ ጉድጓድ ቍጥር ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ የፕሮቲኑ ሥራ አይታወቅም ነበር፤ ክሮሞሶሞች በክፍፍል ጊዜ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ እንደ ሳሙና ሆኖ እንደሚለያያቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በመካከሉ ‹አባዢ ፕሮቲን› ብለን ተርጉመነው ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ስንሳሳት እንኖር ነበር። ስለዚህ ኪ-67ን፣ ፒሲኤንኤን፣ ኤምሲኤምን እንደ ላንቻና እንደ ካዛንቺስ በድምፃቸው እንቀበል፤ በየቃሉ መጀመሪያ ፊደል የአማርኛ አሕጽሮት መሥራቱ ‹የሚሕአአ› የመሰለ ነገር ያመጣብናል። ሥራ የሚሠሩትን ቃላት ግን፣ መባዛትን፣ ዕጢን፣ እባጭን፣ አመልካችን፣ ዑደትን፣ ከውጭ አናስመጣም። ‹ፕሮቲን› በመካከል ይቀራል፤ ቃሉ ገብቷል፣ አይወጣም፤ ‹በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን› ብሎ አንድ ቃል መጨመር ግን ዕንቁላልን ከክርክሩ ያወጣል።

በዚያን ዕለት ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች እንዲህ አድርጌ መለስኳቸው፦ «ከኩላሊት ራስጌ ዕጢ የወጣው እባጭ ተመርምሯል። ከመቶ የእባጩ ሕዋሳት ዐሥራ ሁለቱ በመባዛት ዑደት ላይ ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም የታወቀው በሕዋሱ አስኳል ውስጥ በሚታየው ኪ-67 በሚባል አመልካች ፕሮቲን ነው። በዚህ በሽታ ከ10 በላይ የሆነ ቍጥር ከፍተኛ ስለ ሆነ ሐኪሙን ቶሎ ማነጋገር ያስፈልጋል።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው ላይ አልነበረም፤ ተርጓሚ ይህን መጨመር ይገባዋል ወይ የሚል ካለ ክርክሩን እቀበላለሁ። ባለቤቲቱ ሁለት ጊዜ አስነብበው ሰሙኝ። ማግስቱን ማለዳ ባለቤታቸውን ይዘው ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ጋሼ፣ አመልካች የሚባለው ወረዳ ደጅ የሚጠናው አይደለም? እሱ ደግሞ በሰው ሕዋስ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል?»